የንስሐው ሚሞሪ

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ ሃያ ስድስት የጻፉት አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ አልክድም። ሥራ ያስያዝኩት ግን እኔ ነኝ። እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ አንቀጹ እንደ ሰነፍ በሬ ተጋድሞ ያመሰኳ ነበር። ቀስቅሼ ያረስኩበት እኔ፣ ደረሰ፣ ፍኖተ ሰላም ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ አንድ እግሯ በድንጋይ ከተደገፈችው ጠረጴዛዬ ፊት ቁጭ ብዬ ነው።

ሥራዬ አቤቱታ መጻፍ ነው። የጥብቅና ፈቃድ የለኝም፤ ፈቃድ የሚያስፈልገው ዕውቀቱ ለሚጠረጠር ሰው ነው። የጻፍኩትን ሲያነብ እንባው የመጣ ዳኛ አለ። አንዱማ ተከሳሹን ሳያስጠራ ሊፈርድበት ሲነሣ፣ «ኧረ ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሕጉ መጀመሪያ ይጠራ ይላል» ብዬ የለመንኩት እኔው ነኝ። ከደምበጫ እስከ ቡሬ «ደረሰ ጻፈብህ» የተባለ ሰው ራሱ ሮጦ ሽማግሌ ይፈልጋል።

ታዲያ በዚያ ዓመት፣ የካቲት ላይ፣ እትዬ ንግሥቴ መጡ። እትዬ ንግሥቴ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ገበያ ውስጥ ከበርበሬያቸው ይልቅ ድምፃቸው ያስነጥሳል። ሌላ ቀን ቢሆን ገና ከሩቅ «አንተ ቀጣፊ፣ ዛሬስ ስንቱን አጣላህ?» ብለው ነው ሰላም የሚሉኝ። የዚያን ዕለት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መጥተው ከፊቴ ካለችው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ከተማው እንዳለ ዝም ያለ መሰለኝ።

«ምነው እትዬ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ሰው ቢሞትማ እጮህ ነበር።» ግራ ቀኙን አዩና ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ደረሰ፣ ድምፄን ሰረቁኝ።»

«ኧረ ይኸው እየተናገሩበት አይደል!»

«አትቀልድ ብያለሁ። ጠዋት አንዱ ደንበኛዬ በርበሬ ሲያስመዝን ስልኩ ጮኸ። ጥሪው ምን ይላል? ‹አባ፣ ይፍቱኝ። ንግሥቴ ነኝ። ከሆዴ የማላወጣው አንድ ነገር አለ…› ይልና ቀጥ! የኔው ድምፅ! ሰውየው እየሳቀ ‹ከሃይለ ሚካኤል ሱቅ ያስጫንኩት አዲስ ጥሪ ነው፤ ሰው ሁሉ ይዞታል› አለኝ። ሱቁ ድረስ ብሄድ ያ ጎረምሳ ‹እማማ፣ አይስጉ፤ ያወጣሁት የመጀመሪያዋን ብቻ ነው፤ ሙሉው እኔ ጋ አለ› ይለኛል። ሙሉው አለ! ሰማኸኝ?»

«ሙሉው ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አልኩ ብዕሬን አንሥቼ። ለሥራ ነው እንጂ ለወሬ አይደለም።

እትዬ ንግሥቴ ዓይኔን አዩት። «አልነግርህም። ላንተም፣ ለማንም። ይህን ብቻ ዕወቅ፤ ያ ነገር ከኔ አፍ ሳይሆን ከሰው ስልክ ወጥቶ ያምሮት ጆሮ ከገባ፣ ልጄን አጣታለሁ።»

ያምሮት አንድ ልጃቸው ናት። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ለቡሬ ሰው ልትዳር ቀን ተቆርጧል፤ ጌሾው ተገዝቷል።

«ልነግራት ነው» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። «አባም ንገሪያት ብለውኛል። ግን በራሴ ጊዜ፣ በራሴ አፍ።»

አባ የሚሏቸው አባ ገብረ ሕይወትን ነው። የግማሹ ፍኖተ ሰላም የነፍስ አባት ናቸው፤ የእኔም። ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ወዳለች የገጠር ደብር ተዛውረው ነበር። የነፍስ ልጆቻቸው ለእያንዳንዷ ኃጢአት መኪና መሳፈር ሲከብዳቸው ጊዜ በስልክ መናዘዝ ጀመሩ። አባ «ልጆቼ፣ ደንቡ በአካል ነው» ብለው ተቃውመዋል፤ ግን «አባ፣ እስክመጣ ብሞትስ?» ሲባሉ እንዴት ይጨክኑ?

ደብሯ ዘንድ ኔትወርክ የሚይዘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለ ሰፊ ድንጋይ። አባ በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በአንድ እጃቸው ስልክ ይዘው እዚያ ላይ ሲቆሙ ያየ ሣር አጫጅ ማጭዱን አንሥቶ ወደ ማዶ ይሻገራል። ውኃ ቀጂዎች መንገድ ይለውጣሉ። ወፎቹ ሳይቀሩ ዝም ይላሉ ይባላል፤ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ግን ይባላል። በአገራችን ሰው ንስሐ ሲገባ ጆሮ ይዞ መጠጋት ነውር ነው፤ ባልም ይሁን ሚስት፣ ሁሉም ፊቱን ያዞራል። እና ሁሉ ዞረ። ያልዞረው የቻይናው ስልክ ብቻ ነው።

ስልኩን የእኅታቸው ልጅ ናት ከባሕር ዳር ገዝታ ያመጣችላቸው። አራት ስፒከር፣ ባትሪ፣ ሬዲዮ፣ በዚያ ላይ ማንም ሳያዘው የተነጋገሩበትን ሁሉ የመቅዳት አመል አለው። አባ ይህን በየት ይወቁት? ጾሙ ከመግባቱ በፊት መዝሙር ሊያስጭኑ ሚሞሪዋን፣ ያችን ጥፍር የምታክል ካርድ፣ ለሃይለ ሚካኤል ሰጡት። እሱም እንደ ልማዱ መዝሙሩን ከመጫኑ በፊት በሚሞሪዋ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠ። የግማሽ ከተማ ኃጢአት!

እትዬን አስከትዬ ሱቁ ሄድኩ። ሃይለ ሚካኤል ጸጉሩን በቅባት ያቆመ፣ በሩ ላይ ደረቱን የሚያህል ስፒከር የገተረ ጎረምሳ ነው። ክፉ አይደለም፤ ሳቅና ነውር የሚለያዩበትን ድንበር ግን ማንም አላሳየውም።

«ጋሼ ደረሰ! ምን ልጫንልዎ? የሰርግ ዘፈን ገብቷል።»

«የጫንከውን አውርድ። የእትዬ ንግሥቴን ድምፅ።»

«ጆክ እኮ ነው ጋሼ! ከተማው ወዶታል።»

«ሙሉውን ሰምተኸዋል?» አሉ እትዬ የበሩን መቃን ይዘው።

«ኧረ እማማ፣ ስንቱን ልስማ? ፋይሉ የትየለሌ ነው። በተራ እደርስበታለሁ።»

እትዬ ንግሥቴ ነጠላቸውን መልሰው አፋቸው ላይ አደረጉ።

«በል አሁኑኑ አጥፋው!» አልኩ፣ ቡሬ ድረስ በሚሰማ ድምፅ።

«ለምን አጠፋለሁ? ሰረቅኩ? አባ በእጃቸው ሰጡኝ። ኮምፒውተሬ ውስጥ የገባ የኔ ነው። ደግሞ ክፉ ያልሠራ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

«ቆይ፣» አልኩ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ፣ «የእኔም አለበት እንዴ?»

«የእርስዎማ ብቻውን አንድ ፎልደር ነው ጋሼ።»

በእውነት እላችኋለሁ፣ አንቀጽ ሃያ ስድስት ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ መብረቅ የበራው ያኔ ነው። ለእትዬ ብዬ እንጂ ለራሴስ አልፈራሁም። እኔ ንስሐ ስገባ ኃጢአቴንም አሳምሬ ነው የምናገረው። አባ ራሳቸው አንድ ቀን፣ «ልጄ ደረሰ፣ አንተ የምትነግረኝን በግማሽ ቀንሼ ነው ቀኖና የምሰጥህ» ብለውኛል።

አቤቱታውን በአንድ ቁጭታ ጻፍኩት። አጥሩ ሥር ያሉት ሌሎች ጸሐፊዎች ሥራቸውን አቁመው በትከሻዬ ላይ ያነቡ ነበር፤ አንዱ እጄን ሳመ። (የወደቀ ብዕሩን ሊያነሣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ።) ሰው በደብዳቤ፣ በቴሌፎንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት አይደፈርም ይላል ሕጉ፤ ይህን አስቀደምኩ። ከዚያ ፋይሉ ማንም ሳይሰማው እንዲጠፋ፣ እስከዚያው ኮምፒውተሩ እንዲታሸግ ጠየቅኩ። እግዱ ያንኑ ዕለት ወጣ። ፖሊስ ሄዶ ኮምፒውተሩን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በሰም አትሞ፣ እንደ ታቦት ተሸክሞ ፍርድ ቤቱ ዕቃ ቤት አስገባው። ሃይለ ሚካኤል ከኋላ እየተከተለ፣ «ቀስ! ቀስ! ስክሪኑን!» ይል ነበር።

የቀጠሮው ዕለት ችሎቱ ሞልቶ በመስኮት ፈሰሰ። ክርክር ሊሰማ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ እያንዳንዱ በሆዱ «የኔስ?» እያለ ነው የመጣው። ዳኛዋ የዱርቤቴ ልጅ ናት፤ ማርያማዊት ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ግን ዓይኗ የሰው ውሸት ከአንደበቱ ሳይወጣ ይይዛል። እኔን እንኳ አንዳንዴ።

እኔ ፈቃድ ስለሌለኝ ከእትዬ ኋላ ተቀምጬ አንሾካሹካለሁ፣ እሳቸው ይናገራሉ። ጥቂት እንደሄድን ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ከኋላ ያሉት ማን ናቸው?»

«ጎረቤቴ ነው፣ ክብርት ዳኛ» አሉ እትዬ። «ካልተናገረ አይተነፍስም።»

«እንግዲያስ ይነሡና ይናገሩ። ፍርድ ቤቱ አንዱን ነገር ሁለቴ ከሚሰማ።»

ተነሣሁ። ካባ የለበስኩ ያህል ተሰማኝ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሰው እህሉን ወፍጮ ቤት ይወስዳል። ባለ ወፍጮው ይፈጫል እንጂ ‹ወፍጮዬ ውስጥ የገባ የኔ ነው› ብሎ እንጀራ አይጋግርም!»

«ባለ ወፍጮው እኮ ከድንጋዩ ሥር የቀረውን ጠርጎ ይወስዳል» አለች ዳኛዋ።

ሕዝቡ ሳቀ። ሃይለ ሚካኤል ከሁሉ በላይ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ታላቅ ሰው ሲወጋ ይስቃል።

ሃይለ ሚካኤል ቀጠለ። «ክብርት ዳኛ፣ የግል ነው የሚሉት የግል መሆኑን ማን አየ? ምናልባት የበርበሬ ዋጋ ነው የተነጋገሩት። ከፍተን እንስማዋ!»

ዳኛዋ አሰበች። «ነጥብ አለው» አለች። «ፍርድ ቤቱ ሳይሰማ የግል ግንኙነት መሆኑን በምን ያውቃል?»

እትዬ ንግሥቴ ተነሡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ክሴን ትቻለሁ» አሉ። «እዚህ ከሚከፈትስ እሱ ጋ ይቅር። ትቻለሁ።»

ጭንቁ እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። ምስጢርን ሳትናገር ምስጢር መሆኑን እንዴት ታስረዳለህ?

«እትዬ፣ ይቀመጡ» አልኩ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ አባ ገብረ ሕይወት ይመስክሩልኝ።»

አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀረቡ።

«አባ፣ ወይዘሮ ንግሥቴ በስልክ ምን አሉዎት?» አለች ዳኛዋ።

«እንጃ ልጄ።»

«ንስሐ ነበር ወይ?»

«እሱንም እንጃ። እኔ እዚህ ጆሮ ብቻ ነኝ፤ አፌን ደብሩ ትቼው መጥቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ሊመሰክሩ መጡ?»

አባ መቋሚያቸውን ወደ መሬት ጫን አደረጉ። «ድንጋዩን ልመሰክር። እዚያ ድንጋይ ላይ ስቆም ሣር የሚያጭደው ይሻገራል፤ ውኃ የምትቀዳው ትዞራለች። ማን ነው? ምን ሠራ? ብሎ ጠይቆ የዞረ እስከ ዛሬ የለም። ኃጢአቱን ካልሰማን አንዞርም ያለ የለም። ይህችን ነው የማውቀው።»

ዳኛዋ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። በዚያ ቅጽበት፣ በሩ ላይ የቆመው የፖሊሱ ኪስ ጮኸ።

«አባ፣ ይፍቱኝ። ንግሥቴ ነኝ…»

ማን እንደ ደወለለት እስከ ዛሬ አልተጣራም፤ እኔ ግን አልነበርኩም፤ ስልኬ ሒሳብ አልነበረውም። ከዚያ የሆነውን ስሙ። መስኮቱ ጋ ያሉት ሽማግሌዎች ወደ ውጭ ዞሩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ሳቡ። የችሎት ጸሐፊዋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ፖሊሱ ኪሱን እየዳበሰ ራሱ ከራሱ ኪስ ፊቱን አዞረ። እኔ ዞርኩ። ሃይለ ሚካኤል፣ ያ ሲስቅ የነበረው፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ በሩ ዞረ። ማንም አላዘዘንም። እናቶቻችን በልጅነታችን አገጫችንን ይዘው እንዳዞሩን ነው የዞርነው።

ጥሪው ቆመ። ቀስ እያልን ስንመለስ ዳኛዋን አየናት፤ ከወንበሯ ላይ ሆና ጀርባዋን ለችሎቱ ሰጥታለች።

ተመልሳ ተቀመጠች። «አቶ ሃይለ ሚካኤል፣ ለምን ዞሩ?»

«እኔ… እንጃ ክብርት ዳኛ። ሳላውቀው ነው።»

«ጥሪውን የሠሩት እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ። ግን ሱቅ ውስጥ ሲሆን… እንደዚህ አይመስልም።»

«ፍርድ ቤቱ ማወቅ ያለበትን አውቋል» አለች። «ይህ የግል ግንኙነት ነው። የሰጠ እጅ መዝሙር ጫን ብሎ ሰጠ እንጂ ቅዳ አላለም። ፋይሉ ሳይከፈት፣ ሳይሰማ ይጥፋ። ጥሪውን የያዘም ሁሉ ያጥፋ፤» ፖሊሱን አየችው፤ «ከዚሁ እንጀምር።»

እልልታው ደምበጫ ተሰማ። እትዬ ንግሥቴ እልል አላሉም፤ ወንበሩ ላይ እንደ ባዶ ስልቻ ተቀመጡና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

ያጠፋው ጁማ ነው፤ የገበያው ሬዲዮ ጠጋኝ። ሰው ሁሉ የተስማማበት ሙያውን አይቶ ብቻ አይደለም። እሱም ገብቶታል። «አያ ደረሰ፣ አባን እኔ አልተናዘዝኳቸው፤ ከነፎልደርህ ጥርግ ነው የማደርግህ» አለኝና መጀመሪያ የስፒከሩን ገመድ ነቀለ። ገመዱን ለዳኛዋ ጸሐፊ በእጇ ሰጣት። ከዚያ በኋላ ነው ኮምፒውተሩን የከፈተው። ሃይለ ሚካኤል አጠገቡ ቆሞ የትኛው የት እንዳለ ያሳይ ነበር፤ አንድም እንዳይቀር ከጁማ ይልቅ የተጋው እሱ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱም ሚሞሪ የሚጭኑትን ሱቆች ሰብስቦ ደንብ ይውጣ አለ። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። በአፍሪካ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ሌላ አለ የሚል ያምጣ። «ያልታዘዙትን አትቅዳ፤ የቀዳኸውን አትስማ፤ ባለቤቱ ሲል አጥፋ።» በር ላይ ይለጠፍ ሲባል ቀድሞ የለጠፈው ሃይለ ሚካኤል ነው፤ ከስፒከሩ በላይ፣ በቀይ ቀለም።

አንዲት ነገር ቀረች። ዋናዋ ሚሞሪ። አባ በወረቀት ጠቅልለው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሯት። «አንተ ለንግሥቴ አድርስላት፤ ታጥፋት። እኔ እጄ እንቢ አለኝ፤ የሰው ነፍስ ያለባት ይመስለኛል» ብለው ሄዱ።

እንግዲህ አስቡት። እኔ፣ አውቶቡስ ውስጥ የማላውቀውን ሰው ሱሪህን የት አሰፋህ ብዬ የምጠይቅ ሰው። ከተማው እንዳለ በኪሴ ውስጥ አለ። ስልኬ ደግሞ በሌላኛው ኪሴ፣ የሚሞሪ ቦታዋ ባዶ። ከፍርድ ቤቱ እስከ እትዬ ቤት ያለው መንገድ የዚያን ዕለት ባሕር ዳር ደርሶ የሚመለስ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ወረቀቱን ፈታሁት። ያቺ ጥፍር የምታክል ነገር መዳፌ ላይ ተኝታ አየችኝ። ከዚያ የዳኛዋ ጀርባ ትዝ አለኝ። መልሼ ጠቀለልኩና እየሮጥኩ ሄድኩ፤ ፈርቼ ሳይሆን ለአካል ብቃት።

እትዬ ንግሥቴ ተቀበሉኝ፣ አዩዋት፣ ከበርበሬ መውቀጫው ሙቀጫ ውስጥ ጣሏትና ዘነዘናውን አነሡ። ግቢው ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

«እትዬ፣ ያን በርበሬ ለሰው እንዳይሸጡት!» አልኩ።

«ላንተ ነው የምመዝነው» አሉ። ከዚያ ዘነዘናውን አቁመው፣ «አልሰማኸውም?» አሉኝ፤ ቀስ ብለው።

«አልሰማሁም።»

«አንተ? ደረሰ?»

«እኔ።»

ብዙ አዩኝ። ውሸት ሲሆን በሩቅ ያውቁብኛል፤ ያን ቀን ምንም አላሉም።

ፋሲካ አልፎ ሰርጉ ሲቃረብ፣ አንድ ከሰዓት ከቀጠሮ ስመለስ እናትና ልጅ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ከሩቅ አየሁ። እትዬ እያወሩ ነው። ያምሮት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። የእኔ መንገድ በእነሱ አጠገብ ነው፤ ሌላኛው መንገድ ከዝናቡ በኋላ ጭቃ የዋጠው ረግረግ ነው። ጫማዬን አውልቄ በረግረጉ ዞርኩ። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ጠቆረ፤ እስከ ወገቤ ነው ብላችሁ ብትናገሩ አልቃወምም።

ሰርጉ ዕለት ሙሽራዋ ቡሬ ልትሄድ መኪናው ደጅ ቆሞ ሳለ፣ ያምሮት ተመልሳ ገብታ የእትዬ ንግሥቴ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «እምዬ፣ እምዬ፣ አንቺ ብቻ ነሽ» እያለች፣ ሚዜዎቹ እስኪያስለቅቋት ድረስ። ያለቀሰው ብዙ ሰው ነው፤ እኔ አብዝቼ አለቀስኩ፤ ጠላው ቀጠነ ብለው አዩኝ።

እስከ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሰው ጠጋ ብሎ፣ «አያ ደረሰ፣ ያ የእትዬ ንግሥቴ ነገር ግን ምን ነበር?» ይለኛል። እኔም ቀና ብዬ፣ «ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ግን ሕግ ይዞኛል» እላለሁ። በፊት ከሚያከብሩኝ በላይ ያከብሩኛል።

ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ፤ የማውቀው ነገር የለም። ይህችን ግን ለማንም እንዳትናገሩብኝ። አንቀጽ ሃያ ስድስት ነው።